ከውኃው ከወጡ በኋላ

ውድ ወጣቶች፣

አዲስ ለሚያምኑ ሰዎች አስተማሪ ሁኑ ተብላችኋል። ደስ ይላል። ትንሽ ያስፈራልም። ሁለቱም ስሜት ጤነኛ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ምንም ያልፈራው ልጅ ነው።

በሙያዬ የሂሳብ ሰው ነኝ። የሰው ደብተር ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጪ ደግሞ ለጥምቀት የሚዘጋጁ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት አስተምሬያለሁ። ቁጥር እወዳለሁ፤ እንጀራዬ ነበር። አንድ ቁጥር ግን አለ፣ ብቻውን ሲቀርብልኝ የማይዋጥልኝ። "በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሰው ተጠመቀ" የሚለው። ውሸት ነው አላልኩም። ገቢ ብቻ የተመዘገበበት ደብተር ነው። እነዚያ ሰዎች ዛሬ የት ናቸው? ማን ይጠይቃቸዋል? ይጸልያሉ? ከትዳር ጓደኛቸው፣ ከጎረቤታቸው፣ ካስቀየማቸው ሰው ጋር እንዴት ናቸው? ይኸኛው ዓምድ ባዶ ነው። ተሞልቶ ያየሁበት ሪፖርት በጣም ጥቂት ነው።

ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ስለዚህ ቁጥር የሚላት ነገር አለች። ከቀርስጶስና ከጋይዮስ በቀር ማንንም አላጠመቅሁም ይላል። ወዲያው ትዝ ይለውና የእስጢፋኖስን ቤተሰብ ይጨምራል። ከዚያ ውጪ ሌላ አጥምቄ እንደሆነ አላውቅም ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ያዥ እኔ ጋ ቢቀጠር ኖሮ ወር አይሞላውም ነበር! ግን የዚሁ ሰው ሌላ ደብዳቤ፣ ለሮሜ ሰዎች የጻፈው፣ መጨረሻው ላይ ምን እንዳለ ተመልከቱ። ምዕራፍ 16 ከዳር እስከ ዳር ስም ነው። ፌበን አለች። ጵርስቅላና አቂላ አሉ። የሩፎስን እናት ለእኔም እናት ናት ይላታል። ስንት ሰው እንዳጠመቀ የረሳው ሰው የሰዎቹን ስም አልረሳም። ማን እንደደከመ፣ ማን አብሮት እንደታሰረ፣ በማን ቤት እንደሚሰበሰቡ ያውቃል።

ሉቃስ በበኩሉ ይቆጥራል። በጰንጠቆስጤ ቀን 3,000 የሚያህሉ ሰዎች ተጠምቀው እንደተጨመሩ ይነግረናል። እዚያ ላይ ግን ብዕሩን አላነሣም። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ሰዎቹ ከዚያ በኋላ ምን ያደርጉ እንደነበር ነው፤ በሐዋርያት ትምህርት፣ በኅብረት፣ እንጀራውን በመቍረስ፣ በጸሎትም ይተጉ ነበር። ቁጥሩን የምንወደው እኛ ያቺን ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ቶሎ እንዘላታለን።

ልነግራችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ሰውን እስከ ውኃው ድረስ ማድረስ የሥራችሁ ግማሽ ነው፤ ምናልባትም ቀላሉ ግማሽ። ከውኃው ሲወጣ አብሮት የሚቆይ ሰው ካጣ፣ የደከማችሁበት አብዛኛው ሜዳ ላይ ይቀራል።

የማቴዎስ ወንጌልን መጨረሻ በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። "ሂዱ" በሚለው ላይ እንጮኻለን። "እያጠመቃችኋቸው" ላይ እናጨበጭባለን። ከዚያ "ያዘዝኋችሁንም ሁሉ እንዲጠብቁ እያስተማራችኋቸው" የሚለው ይመጣና ድምፃችን ዝቅ ይላል። ምክንያቱም አስቸጋሪው እሱ ነው። "ጠላታችሁን ውደዱ" የሚለውን ትእዛዝ በአንድ ምሽት ማስረዳት ይቻላል። ሰውየው እንዲጠብቀው ለመርዳት ግን ጠላቱ ማን እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ስሙን፣ ምን እንዳደረገው፣ መቼ እንደተኳረፉ። ይህ ደግሞ በአንድ ኮርስ አይገኝም። አብሮ መዋል ይጠይቃል።

ጌታ ያስተማረው እንደዚያ ነው። ማርቆስ አሥራ ሁለቱ ለምን እንደተመረጡ ሲናገር መጀመሪያ የሚጠቅሰው "ከእርሱም ጋር እንዲኖሩ" የሚለውን ነው። ለመስበክ መላካቸው ከዚያ በኋላ ይመጣል። አብረውት ሄዱ፣ አብረውት በሉ፣ ጀልባ ላይ ፈሩ፣ ማን ይበልጣል ብለው መንገድ ላይ ተጨቃጨቁ። ምሳሌውን ከሕዝቡ ጋር ይሰሙና ቤት ሲገቡ "ተርጉምልን" ይሉታል። አባታችን ሆይን ያስተማራቸውም እንዲሁ በፕሮግራም ተይዞ አይደለም። ሲጸልይ አዩት። ሲጨርስ ከመካከላቸው አንዱ "ጌታ ሆይ፥ እንጸልይ ዘንድ አስተምረን" አለው። አይተው ነው ያማራቸው። ስለ ጸሎት ለአንድ ሰዓት አውርቶ ሁለት ደቂቃ የሚጸልይ አስተማሪ፣ ተማሪዎቹ የሚወርሱት ስለ ጸሎት ማውራትን ነው።

የጥንቶቹ ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ አይጣደፉም ነበር። ለመጠመቅ የሚማረውን ሰው ንዑሰ ክርስቲያን እንለዋለን። "ሐዋርያዊ ትውፊት" ተብሎ የሚታወቅ አንድ ጥንታዊ ሥርዓት አለ፤ ግእዝም ካቆየልን ጽሑፎች አንዱ ነው። ንዑሰ ክርስቲያን ሦስት ዓመት ይማር ይላል። ይህን ብሎ ግን አንድ ብልህ ነገር ያክላል። ሰውየው ትጉህ ከሆነ መመዘን ያለበት ጠባዩ ነው እንጂ ጊዜው አይደለም። ለጥምቀት ሲመረጥ ስለ እሱ የሚጠየቀውን ደግሞ ስሙ። መበለቶችን አክብሯል? በሽተኞችን ጠይቋል? በጎ ሥራ ሠርቷል? የሚመሰክሩለትም ያመጡት ሰዎች ናቸው። ስለ ራሱ እሱ አይጠየቅም።

የኢየሩሳሌሙን ደግሞ ኤገርያ የምትባል ተሳላሚ ጽፋልናለች። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ከምዕራቡ ዓለም ተነሥታ ሄዳ፣ ያየችውን ሁሉ በአገሯ ላሉ እህቶች የጻፈች ሴት ናት። ዓይኗ ምንም አያመልጠውም። እንደ እሷ አገላለጽ፣ ተጠማቂዎች ለመሆን የሚፈልጉ ሰዎች መጀመሪያ ስማቸውን ይሰጣሉ። በማግስቱ ኤጲስ ቆጶሱ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ካህናቱ በግራና በቀኝ ይቀመጣሉ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ይቀርባሉ፣ ወንዱ ከክርስትና አባቱ፣ ሴቷ ከክርስትና እናቷ ጋር። ከዚያ ጥያቄው ለጎረቤቶች ይቀርባል። ይህ ሰው አኗኗሩ እንዴት ነው? ወላጆቹን ያከብራል? ይሰክራል? ይጎርራል? እንከን ካልተገኘበት ኤጲስ ቆጶሱ በገዛ እጁ ስሙን ይጽፋል። ከተገኘበት ሄዶ ይታረም፣ ከታረመ በኋላ ይመለስ ይባላል። እዚህች ጋ ቆም በሉ። ጉራ ከስካር እኩል ተቆጥሯል። በዛሬው ዘመን ቢሆን ስንቱ ጉረኛ ማይክ ጨብጦ ቆሟል!

ትምህርቱ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ለሦስት ሰዓት ያህል ይሰጣል። ኤጲስ ቆጶሱ የሚናገረው በግሪክኛ ነው። ቄስ ቆሞ ወደ ሶርያኛ ይተረጉማል። ሁለቱንም ለማይሰሙ የላቲን ተናጋሪዎች፣ ቋንቋውን የሚችሉ ወንድሞችና እህቶች ያስረዷቸዋል። ሰው ሳይገባው አንገቱን እየነቀነቀ እንዳይወጣ ይጠነቀቁ ነበር። እናንተም ትምህርታችሁን አንድ ጊዜ በዚህ ዓይን ገምግሙት። እኛ ቤት ውስጥ ተለምደው ጆሯችንን የማይኮሰኩሱን ቃላት አሉ፤ ጽድቅ፣ ኪዳን፣ ቅባት፣ መቀደስ። ትናንት የመጣው ሰው እነዚህን ሲሰማ ይሉኝታ ይዞት አይጠይቅም። ዝም ማለቱን እንደ መረዳት አትቁጠሩት።

ከዚያ ሁሉ ግን እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። የጥምቀቱ ትርጉም የሚብራራው ከተጠመቁ በኋላ ነበር። በፋሲካ ሌሊት ወደ ምዕራብ ዞረው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ሰይጣንን ክደዋል። ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን ተናግረዋል። ዘይት ተቀብተዋል። ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ገብተው ወጥተዋል። ይህ ሁሉ ምን ማለት ነበር? በሚቀጥለው ሳምንት በየቀኑ እየተመለሱ፣ ትንሣኤው በሚዘከርበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሰሙታል። ያለፉበትን ነገር ሲረዱት የሚያሰሙት የደስታ ጩኸት ከደጅ ይሰማ ነበር ትላለች ኤገርያ። እኛስ? በጥምቀቱ ቀን ፎቶ እንነሣለን፣ የምስክር ወረቀት እንሰጣለን፣ ክፍሉን እንዘጋለን። ልክ በሚነቁበት ሰዓት ጥለናቸው እንሄዳለን።

እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶችም ይህ ጉዳይ አሳስቧቸው ነበር። ስለ ጉባኤው ሲወራ ወልድን ፍጡር ነው ያለው የአርዮስ ነገር ቀድሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ጉባኤው ካወጣቸው ሕጎች ሁለተኛው፣ ማለትም ሁለተኛው ቀኖና፣ ግን ስለ ችኮላ ነው። ገና ከአረማዊነት የመጡ ሰዎች ትንሽ ተምረው ይጠመቁና ወዲያው ቄስ ወይም ኤጲስ ቆጶስ ይደረጉ ነበር። ጉባኤው ይህ ከእንግዲህ ይብቃ አለ። ከጥምቀት በፊት የመማሪያ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ከዚያ የረዘመ መፈተኛ። ዝነኛ ሰው ባመነ በሳምንቱ መድረክ ላይ አውጥተው ቪዲዮውን ሼር የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ቀኖና ቢያነቡት እወዳለሁ። ያ ሰው ገና ምንም አልተማረም። ሲወድቅም በሕዝብ ፊት ነው የሚወድቀው።

"ጃንደረባውስ?" የሚል መቼም አይጠፋም። ልክ ነው። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ አገኘው፣ አስተማረው፣ እዚያው አጠመቀው። ሦስት ዓመት የለ፣ ምዝገባ የለ። ግን ታሪኩን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሰውየው ለመስገድ ኢየሩሳሌም ድረስ ተጉዞ እየተመለሰ ነው። በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል፤ ድምፁ ለፊልጶስ ይሰማል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰና ስብከት አልጀመረም። ጠየቀው እንጂ። "የምታነበውን ታስተውለዋለህን?" ሰውየው "የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?" አለና ወጥቶ አብሮት እንዲቀመጥ ለመነው። ፊልጶስ ትምህርቱን የጀመረው ሰውየው ይዞት ከነበረው መጽሐፍ፣ ከቆመበት ቦታ ነው። ውኃውን ቀድሞ ያየውም፣ "እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?" ያለውም ጃንደረባው ራሱ ነው። ማንም አልጎተተውም።

የፊልጵስዩሱ የወኅኒ ጠባቂም የተጠመቀው በዚያችው ሌሊት ነው። ከመጠመቁ በፊት ግን የጳውሎስንና የሲላስን ቁስል አጠበላቸው። ከተጠመቀ በኋላ ቤቱ አስገብቶ ማዕድ አቀረበላቸው። ጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ እግራቸውን በግንድ ያጣበቀው እሱ ነበር። ስለዚህ ፍጥነት በራሱ ጥፋት የለበትም። መዘግየትም በራሱ መንፈሳዊነት አይሆንም። ጳውሎስ ከከተማዋ ቢወጣም ከፊልጵስዩስ ሰዎች ጋር ግንኙነቱ አልተቋረጠም። ታስሮ እንኳ ጽፎላቸዋል፤ ሁለት እህቶች ተኳርፈው እንደነበርና ስማቸውን ጭምር ያውቅ ነበር። ቶሎ ማጥመቅ የሚከብደው እንደዚያ ለመከተል ለማያስብ ሰው ነው።

የሕፃናት ጥምቀት ነገርም ይነሣባችኋል። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። ክርክሩ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ ተርቱሊያኖስ የተባለው የሰሜን አፍሪካዋ የካርቴጅ ከተማ ጸሐፊ ሕፃናትን ለማጥመቅ ምን ያስቸኩላል እያለ ይሞግት ነበር። በዘመኑ ይጠመቁ እንደነበር የምናውቀውም ከሱ ሙግት ነው። እ.ኤ.አ. በ1525 በስዊዘርላንዷ ዙሪክ ጥቂት ሰዎች አምነን ነው መጠመቅ ያለብን ብለው እርስ በርስ ተጠማመቁ። ከመካከላቸው ፌሊክስ ማንዝ በ1527 ተፈርዶበት ወንዝ ውስጥ እንዲሰጥም ተደረገ። የሰው ሕይወት የተከፈለበትን ጉዳይ የኮሜንት ብሽሽቅ አታድርጉት። ቤተ ክርስቲያናችሁ የምታስተምረውን አጥንታችሁ እወቁ፤ ሌላውን አትሳደቡ።

ለእናንተ ሥራ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው። አድጎ የሚጠመቅ ሰው ትምህርቱ ከፊት ይጀምራል። በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሰው ትምህርቱ ከኋላ ይመጣል። ሳያስተምሩ ዝም የሚባልበት ቤት ግን የለም። ልጁ ሲጠመቅ ወላጆቹና የክርስትና አባቱ እናስተምረዋለን ብለው በእግዚአብሔር ፊት ቃል ገብተዋል። አንዳንዱ የክርስትና አባት ታዲያ ልጁን ዳግመኛ የሚያየው በሠርጉ ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ።

አንድ ሰው ነበረ። ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ጃኬቱን አያወልቅም። "ጥያቄ ያለው?" ስል አቀርቅሮ ጣቶቹን ያያል። ጸሎተ ሃይማኖትን ከሁሉም ቀድሞ በቃሉ ያዘ፤ ብትጠይቁኝ ከክፍሉ አንደኛ ነበር። አንድ ማታ ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ወንበር ስሰበስብ እሱም አብሮኝ መሰብሰብ ጀመረ። ሁለት ወንበር ደራርቦ እንደያዘ፣ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር፣ "አባቴ ሳያምን ነው የሞተው" አለኝ። ትንሽ ቆየና "እኔ ብጠመቅ ከሱ ጋር ተለያየን ማለት ነው?" አለ።

ወንበሮቹን አስቀመጣቸው። እነሱው ላይ ተቀመጥን። ስለ አባቱ እንዲነግረኝ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። እጁ ለሰው የተዘረጋ፣ ግን ቃሉ አጭር የሆነ አባት። ሲታመም ማንም አጠገቡ እንዲያድር አይፈልግም ነበር፤ ልጁ ግን ኮሪደር ላይ ያድር ነበር። እኔ የተናገርኩት ጥቂት ነው። አብርሃም "የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?" ያለውን አነበብኩለት። የአባትህ ነገር ከሁለታችን አብልጦ በሚያውቀው አምላክ እጅ ነው፣ እኔ በዚያ ወንበር ላይ አልቀመጥም አልኩት። አባትህን አክብር የሚለው ትእዛዝም በጥምቀት እንደማይሻር ነገርኩት። አለቀሰ። ከዚያ የቀሩትን ወንበሮች ሰብስበን ወጣን። በዚያ ዓመት አልተጠመቀም። በሚቀጥለው ተጠመቀ።

ያ ሰው ለሳምንታት ያስተማርኩትን ሁሉ ይሰማ የነበረው ይህን ጥያቄ ይዞ ነው። ስለ ድኅነት ስናገር ስለ አባቱ ይሰማ ነበር። ስለ ፍርድ ስናገር ስለ አባቱ ይሰማ ነበር። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለች አንዲት ጥያቄ አለችው። በክፍል ውስጥ አትወጣም። የምትወጣው መብራት ሊጠፋ ሲል፣ ጫማ ሲታሰር፣ ታክሲ ሲጠበቅ ነው። ስለዚህ ትምህርት እንዳለቀ ስልካችሁን አውጥታችሁ አትሩጡ። ያቺ የመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት ከአንድ ሰዓት ትምህርት ትበልጣለች።

ደግሞ ማስተማር ይሰለቻል። ይህንን ማንም ስለማይነግራችሁ እኔ ልንገራችሁ። ያንኑ ትምህርት ለስንተኛ ጊዜ ስትደግሙት ድምፃችሁ ለራሳችሁ ይከብዳችኋል። እ.ኤ.አ. በ400 አካባቢ ዴዎግራትያስ የሚባል የካርቴጅ ዲያቆን ይኸው ችግር ገጠመውና ለአውግስጢኖስ ጻፈለት። ጀማሪዎችን ሳስተምር ንግግሬ ይረዝማል፣ ይቀዘቅዛል፣ እንኳን ሰሚውን እኔንም ያታክተኛል አለው። አውግስጢኖስ ያኔ ስመ ጥር ሰባኪ ነበር። መልሱ የሚጀምረው ግን የእኔም ንግግር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ለራሴ አያስደስተኝም በማለት ነው። ከዚያ ወደ ተግባር ይገባል። ሰውየው ለምን እንደመጣ አስቀድመህ እወቅ። ሲያዛጋ ካየኸው የሚያነቃው ነገር ጣል አድርግ። ቆሞ ደክሞት ከሆነ ወንበር ስጠው። ከሁሉ በላይ አስተማሪው ራሱ ደስ ብሎት ያስተምር። ይህን ያህል ትልቅ የነገረ መለኮት ሰው ስለ ወንበር መጨነቁ ልቤን ይነካዋል።

የማታውቁትን ስትጠየቁ "አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሃለሁ" በሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ግን መልሱን ይዛችሁ ኑ። ብዙ ሰው የመጀመሪያዋን ይላል፣ ሁለተኛዋን ይረሳል። የጠየቀው ሰው አይረሳም።

ማረምንም ተማሩ። አጵሎስ አንደበተ ርቱዕ ነበር፤ መጻሕፍትን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ስለ ጥምቀት የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ብቻ ነበር። ጵርስቅላና አቂላ በምኵራብ ሲናገር ሰሙት። ጉድለቱን አወቁ። ተነሥተው አላቋረጡትም። ወደ ራሳቸው ወሰዱትና የእግዚአብሔርን መንገድ አብልጠው ገለጡለት። ባልና ሚስቱ ድንኳን ሰፊዎች ናቸው፤ እሱ ምሁር ነው። እሱም ተቀበላቸው። ዛሬ ቢሆን ንግግሩ ተቆርጦ "የአጵሎስ ስሕተት ሲጋለጥ" ተብሎ ቲክቶክ ላይ ይወጣ ነበር። እናንተ በዚህ አትግቡ። የሚታረም ሰው ካለ ስልክ ደውሉለት።

ከጥምቀት በኋላ ምን እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ይህን አደራ እላለሁ። ብዙዎች ከውኃው ሲወጡ የድሮው ቁጣ፣ የድሮው ሱስ፣ የድሮው ትዝታ እዚያው የሚቀር ይመስላቸዋል። አንዳንዱ ይቀራል። አንዳንዱ ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ በሩን ያንኳኳል። ያኔ "እኔ ጋ አልሠራም" ብለው ያፍራሉ፤ ከኅብረቱም ቀስ ብለው ይጠፋሉ። እስቲ ጌታ ራሱ ከተጠመቀ በኋላ የት ሄደ? ማርቆስ "ወዲያውም" ይላል፤ ወዲያውም መንፈስ ወደ ምድረ በዳ አወጣው። ሰማይ በተከፈተበት፣ "የምወድህ ልጄ አንተ ነህ" በተባለበት ጊዜ ወዲያው ቀጥሎ አርባ ቀን ፈተና ነበር። ፈተናው ጥምቀቱ እንዳልሠራ አያሳይም። ተጠማቂው ይህን ከእናንተ አፍ አስቀድሞ ከሰማው፣ የጨነቀው ቀን ይደውልላችኋል። ካልሰማው ይደበቃችኋል።

ሲጠፋባችሁ ደግሞ ፈልጉት። በመጀመሪያው ስልክ ለምን አልመጣህም አትበሉት። ደህና ነህ ወይ በሉት። ቡድን መልእክት ላይ "የት ጠፋህ?" ብሎ በሰው ፊት መጻፍ ፍለጋ አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ203 በካርቴጅ የሆነውን ሳስብ አስተማሪነት ምን ያህል እንደሚዘልቅ ይገባኛል። ፐርፔቱዋ የሃያ ሁለት ዓመት ገደማ እናት ነበረች፤ የሚጠባ ልጅ ታቅፋ ነበር። ፌሊሲታስ የምትባል ነፍሰ ጡር ባሪያና ሌሎችም አብረዋት ተያዙ። ሁሉም ገና ንዑሰ ክርስቲያን ነበሩ፤ የተጠመቁት ከተያዙ በኋላ ነው። ሲያዙ አስተማሪያቸው ሳቱሩስ አልነበረም። ማንም አልጠራውም። እሱ ግን ያስተማራቸው እሱ ስለነበር ሄዶ እጁን ሰጠ፤ አብሯቸው ታሰረ፣ አብሯቸውም ሞተ። ከእናንተ ማንም ይህን አይጠይቅም። የሚጠየቀው በጣም ትንሽ ነው፤ ሆስፒታል መሄድ፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሥራ ላጣው ሰው ማፈላለግ፣ ሚስቱ የተቀየመችበትን ሰው ቁጭ ብሎ መስማት።

አንድ የማልደብቃችሁ ሥጋት አለኝ። ሰው ሲያምናችሁ ሥልጣን ይሰማችኋል። ማንን ያግባ፣ የት ይሥራ፣ ከማን ጋር ይዋል ማለት ያምራችኋል። "መንፈሳዊ አባት" መባል ይጥማል። ጳውሎስ ይህን በአንድ ጥያቄ ያከሽፈዋል፤ በጳውሎስ ስም ተጠመቃችሁን? ደቀ መዛሙርቱ የክርስቶስ ናቸው። ሰውየው ውሳኔውን ራሱ በጸሎት እንዲወስን እርዱት እንጂ አትወስኑለት። ከተማሪዎቻችሁ ገንዘብ አትበደሩ። ምስጢር የነገሯችሁን "የጸሎት ርዕስ" እያላችሁ አትበትኑ። ልጆችን የምታስተምሩ ከሆነ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻችሁን አትቀመጡ፤ ሌላ ሰው ይኑር፣ በሩም ይከፈት። ከነዚህ አንዱን የጣሰ አስተማሪ ካያችሁ፣ የቱንም ያህል ቅቡዕ ቢመስል፣ ዝም አትበሉ።

ደግሞ ብቻችሁን አትያዙት። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ከእኔ የሰማኸውን ሌሎችን ደግሞ ሊያስተምሩ ለሚችሉ ለታመኑ ሰዎች አደራ ስጥ ይለዋል። ቁጠሩ እስቲ፤ ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑ ሰዎች፣ ሌሎች። በአንድ ዓረፍተ ነገር አራት ትውልድ። ጢሞቴዎስ ራሱም እምነቱ ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ የመጣ ነው፤ ሁለቱም መድረክ ላይ ቆመው አናውቃቸውም። እንግዲህ ካስተማራችኋቸው መካከል አንዷ ወይም አንዱ ጥያቄ ማብዛት ሲጀምር፣ ለአዲሶቹ ወንበር ሲያመቻች፣ የጠፋውን ሰው ከእናንተ ቀድሞ ሲፈልግ ታዩታላችሁ። እሱን ያዙት። ትምህርቱን አብራችሁ አዘጋጁ። ከዚያ አንድ ማታ እሱ ያስተምር፣ እናንተ ከኋላ ተቀመጡ። ጥቅስ ቢሳሳት ከወንበራችሁ ሆናችሁ አትመልሱለት፤ ተማሪዎቹ ወደ እናንተ ዞረው ሲያዩም ወደ እሱ ጠቁሟቸው። ስሕተቱን ሲወጣ፣ ለብቻው፣ እንደ ጵርስቅላና አቂላ ንገሩት። ሰዓት ካሳለፈ ግን ያኔውኑ ምልክት ስጡት። ሰዎቹ ቤት አላቸው።